ሥራውን ብቀበል እግዚአብሔርን መጠበቅ መተዌ ነው?

ጥያቄ

ለእትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። መጽሔቱን የምትገዛው እናቴ ናት፤ መጀመሪያ የእርስዎን ገጽ ካላነበበች ወደ ሌላው አታልፍም። እንድጽፍልዎት የገፋፋችኝም እሷ ናት። የጻፍኩትን ግን አላሳየኋትም።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ 31 ዓመቴ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ክረምት ሲመረቅ እኔም በዚያው ክረምት በቴክስታይል ምህንድስና ተመረቅኩ። ሰፈሩ ሁሉ «ይሄ ልጅ ቀን ወጣለት» አለ። እውነትም ወጥቶልኝ ነበር። አንድ የልብስ ፋብሪካ ገባሁ፤ ከማሽን ጥገና ተነስቼ የመስመር ኃላፊ ሆንኩ። ዕቁብ ጣልኩ፣ በቤተሰብ ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ጀመርኩ፣ እጮኛ ያዝኩ። ሠርጋችን ለጥር 2014 ተቆረጠ። ሁሉንም በደብተር ጽፌው ነበር፤ በየትኛው ወር ጣሪያ፣ በየትኛው ወር ጥሎሽ፣ በየትኛው ዓመት ማስተርስ።

በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል። እናቴን ይዤ፣ ግማሹን በእግር ግማሹን በመኪና፣ ደብረ ብርሃን ገባን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከተማው ተመለሰ ሲባል መጣን። የቤቴ በርና መስኮት የለም፤ ለጣሪያ የገዛሁት ቆርቆሮም የለም። እሱስ ይሁን አልኩ። በዚያው ታኅሣሥ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ዕቃችን ያለ ቀረጥ ገበያዋ ከሚገባበት ዕድል፣ አስወጣች። ፋብሪካችን መጀመሪያ ትእዛዝ ቀነሰ፣ ቀጥሎ ሰው ቀነሰ፤ ከተቀነሱት አንዱ እኔ ሆንኩ። እጮኛዬ ጥቂት ጠበቀችኝ። ከዚያ ዓረብ አገር ሄደች፤ እዚያው ትዳር ይዛለች።

ከዚያ ወዲህ የአጎቴን ባጃጅ እነዳለሁ። ጾሜአለሁ፣ ጸልዬአለሁ፣ ፀበል ተጠምቄአለሁ። ባሕታዊ ነኝ የሚል አንድ ሰው «እስከ መስቀል ሁሉ ይመለስልሃል» አለኝ። መስቀል አለፈ፣ ሌላም መስቀል አለፈ። እናቴ «ለበጎ ነው» ትላለች፤ ለየትኛው በጎ እንደሆነ ግን አይገባኝም። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብም አስጠልቶኛል። ለጸሎት ስቆም ከአፌ የሚወጣው ወቀሳ ብቻ ስለሆነብኝ ተውኩት፤ እግዚአብሔርን ከማስቀየም ዝም ማለት ይሻላል ብዬ።

አሁን ደግሞ ደሴ ውስጥ የልብስ ስፌት ቤቶች ያሉት ሰው «መጥተህ መኪና ጠግንልን፣ ቦታም እሰጥሃለሁ» ብሎኛል። ኦቨርሎኩንም የድሮውን የእግር መኪናም ማለቱ ነው። እኔ ሙሉ መስመር ያስተዳደርኩ ሰው አንድ ጥግ ተቀምጬ የሰፈር መኪና ዘይት ልቀባ? ለእግዚአብሔር የነገርኩት ፋብሪካው መልሶ እንዲጠራኝ ነው። ይህን ብቀበል እሱን መጠበቄን ትቼ ተስፋ ቆረጥኩ ማለት አይሆንም? ሁሉም ነገር ከፈረሰ በኋላስ እግዚአብሔርን ማመን ማለት ምን ማለት ነው?

ግራ የገባኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ልጄ፣ የሥራውን ነገር አስቀድሜ ልመልስልህና ሌላውን ቀስ ብለን እናወራዋለን። ተቀበል። ይህን አንብበህ ስትጨርስ ስልክ አንስተህ ለሰውየው እሺ በለው።

እንዲህ ደፍሬ የምናገረው ያንተን ቃል ከዚህ በፊት በገዛ ቤቴ ስለሰማሁት ነው። «እኔ ሙሉ መስመር ያስተዳደርኩ ሰው» ያልኸውን ሳነብ መነጽሬን አውልቄ ነው የሳቅሁት፤ በአንተ ግን አይደለም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የአሰብ ሾፌር ነበር። ያንተ ዘመን ልጅ የአሰብ ሾፌር ሲባል ምን ማለት እንደነበረ ላይገባው ይችላል። እስከ 1990 ድረስ ወደ አገራችን የሚገባው ዕቃ አብዛኛው በአሰብ ነበር የሚመጣው። መኪናው ከወደቡ ተነስቶ ቡሬን፣ ማንዳን ያልፍና ሚሌ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ አንዱ በባቲ በኩል ወደ እናንተ ከተማ ይወጣል። ኮምቦልቻ ላይ ሆቴሉም፣ ጋራዡም፣ ጎማ ጠጋኙም ከዚያ መንገድ ነበር የሚበላው። የአሰብ ሾፌር ቤቱ ሲገባ ልጆች እስከ ሰፈሩ መግቢያ ሮጠው ይቀበሉት ነበር።

የሾፌር ሁሉ ምኞት አንድ ነው፣ የራሱ መኪና። እኛም በ1990 የእሱን ቁጠባና የእኔን የመምህርነት ደሞዝ አዳምረን፣ ከአንድ ዘመዱ ጋር ተሻርከን አንድ አሮጌ ፊያት ከነተሳቢው ገዛን። ሁለት ዓመት ሠርቶ ዕዳውን ሊከፍል፣ በሦስተኛው ሽርካውን ሊያስወጣ፣ ከዚያ ቤት ልንሠራ። የእኛም ደብተር ነበረን። ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳና የአሰብ መንገድ ተዘጋ። ጭነቱ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አቅም ያለው ተከትሎ ዞረ፤ የእኛ አሮጌ መኪና ግቢያችን ውስጥ ቆመ።

ሽርካው «እንሽጠው» አለ። ባለቤቴ «መንገዱ ሲከፈት ዋጋው እጥፍ ይሆናል» ብሎ እምቢ አለ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ነጠላውን አጣጥፎ ያስቀምጥና ሞተሩን ያስነሳል። ጭሱ የጎረቤቱን ሁሉ ልብስ ያጠቁረዋል። እሱ ግን ጆሮውን ወደ ሞተሩ አዘንብሎ ያዳምጣል፤ አንዳንዴ «ሰማሽ? ምንም የለበትም» ይለኛል። ምንም የለበትም ነበር፤ የሚሄድበት ግን አልነበረውም። ጎማዎቹ በቆሙበት ተሰነጣጠቁ። መሪው ላይ ፀሐይ እንዳይሠነጥቀው ብሎ የደረበው ጨርቅ ራሱ ፀሐይ በልቶት አለቀ።

በዚህ መሀል ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ያለው ሰው ንዳልኝ አለው። መልሱን ገምት። «እኔ የአሰብን በረሃ በሌሊት ያቋረጥሁ ሰው የሐረጎን ዳገት ሽቅብ ቁልቁል ስል ልዋል?» አለ። ክብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። እሱ ግን እምነት አደረገው። ስለት ተስሏል፤ «መንገዱን ክፈትልኝ» ብሎ ለምኗል። ሚኒባሱን ከያዘ ስለቱን ራሱ ያፈረሰው መሰለው። እኔም አማትም ለመንነው፣ አልሰማንም። የሰማው የንስሐ አባቱን ነው። ሰውየው ሲናገሩ ለስላሳ አልነበሩም። ቡናችንን ጠጥተው ሲነሡ በሩ ላይ ቆሙና «ለመሆኑ አንተ የተሳልኸው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለአሰብ?» አሉት። ሌላ ነገር አልጨመሩም፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሄዱ።

መኪናው በኪሳራ ተሸጠ። ሚኒባሱን ያዘ። ከዚያ በኋላ ደስተኛ ሆነ ብዬ አልዋሽህም። ትልቅ መኪና ባየ ቁጥር ዓይኑ ይከተለው ነበር፤ ረዳቶቹም «አሰብ» የሚል ስም አውጥተውለት ሲሞት እንኳ ብዙ ሰው ያለቀሰው በዚያ ስም ነው። ግን ልጆቻችንን ያስተማርነው በዚያ ሚኒባስ ነው። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ቤታችን ነበር የሚንኳኳው፤ ሐረጎን በጭጋግ ውስጥ እንደሱ የሚያውቀው ሰው አልነበረማ።

መንገዱስ? ተከፈተ። መስከረም 1 ቀን 2011፣ በእንቁጣጣሽ፣ ቡሬ ላይ ድንበሩ ሲከፈት በቴሌቪዥን አየሁት። ባለቤቴ ካረፈ ቆይቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ደግሞ ተመልሶ ተዘጋ። ያ ሰው በእምቢታው ጸንቶ ቢሆን ከሃያ ዓመት በላይ ይጠብቅና የሚያገኘው ጥቂት ወር ነበር፤ ያውም ዕድሜ ቢሰጠው።

ይህን ስል ፋብሪካው አይመለስም እያልሁህ አይደለም። ሊመለስ ይችላል። አጎዋም ነገ ሊፈቀድ ይችላል፤ የተከለከለው በሰው ውሳኔ ነው፣ የሚፈቀደውም በሰው ውሳኔ ነው። ሐዲድ ተነጥፎለት ለዓመታት ባቡር የጠበቀ ከተማ ልጅ ነህ፤ ስለ መጠበቅ እኔ ላስተምርህ አልችልም። የምልህ ሌላ ነው። አንተ ባለህበት ተገትረህ የቀረኸው እግዚአብሔርን ስለጠበቅህ ሳይሆን በአንድ በር ብቻ እንዲመጣ ስለጠበቅኸው ነው። በሌላ በር ሲመጣ ደግሞ፣ ይኸው፣ «ልክፈት ወይ?» ብለህ ለእኔ ትጽፋለህ።

የእናንተ ከተማ ባጃጆች ጀርባ ላይ ብዙ ጊዜ የሚለጠፍ ጥቅስ አለ፤ የአንተም ላይ ይኖር ይሆናል። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው፣ ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 29 ቁጥር 11። ደስ የሚል ቃል ነው፣ እኔም ቤቴ ግድግዳ ላይ አለ። ነገር ግን ጥቅሱን የሚለጥፈው ብዙ ነው፣ ከላዩ ያለውን አሥር ቁጥር የሚያነበው ትንሽ ነው። እስኪ ዛሬ አብረን እናንብበው።

ነገሩ ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተቀምጦ፣ ተማርከው ባቢሎን ለተወሰዱት ሰዎች የላከው። የይሁዳ ንጉሥ ኢኮንያን ከእናቱና ከሹማምንቱ ጋር የተማረከው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት ገደማ ነው። ከእነሱ ጋር እነማን ተወሰዱ? መጽሐፉ ለይቶ ይነግርሃል፤ ጠራቢዎችና ብረት ሠሪዎች። የባቢሎኑ ንጉሥ ናቡከደነፆር ቂል አልነበረም፤ እጃቸው ሥራ የሚያውቀውን ለይቶ ወሰደ። እንዳንተ ያሉትን ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል፣ ሥራቸው ቀርቷል፣ ሠርጋቸው ተሰርዟል። ሁሉም አንድ ጥያቄ ነው ያላቸው፤ መቼ እንመለሳለን?

መልስ የሚሰጥ አልጠፋም። ከደብዳቤው በፊት ያለውን ምዕራፍ 28ን እይ። ሐናንያ የሚባል ነቢይ ተነሥቶ በሕዝቡ ፊት «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉ ይመለሳል» አለ። ኤርምያስ ለምልክት አንገቱ ላይ ያደረገውን የእንጨት ቀንበር ወስዶ ሰበረው። ሰው ምን ያህል ደስ እንዳለው አስበው! ኤርምያስ ራሱ የመለሰው መልስ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «አሜን፣ እግዚአብሔር እንዲህ ያድርግ» ነው ያለው። እሱም መመለሱን ይመኝ ነበር። ነገር ግን ያን እንዲናገር አልተላከም፤ ሐናንያም አልተላከም ነበር፤ በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ሞተ። አንተም «እስከ መስቀል» ያለህን ሰው አስበው። መልካም ነገር ስለተመኘልህ ተጣላው አልልህም። ቀን ቆርጦ ሲሰጥህ ግን የእግዚአብሔርን ፊርማ አስመስሎ ነው የፈረመልህ፣ አንተም በእግዚአብሔር ላይ ዕዳ አድርገህ ያዝኸው። መስቀል ሲያልፍ ያኮረፍኸው ባሕታዊውን አይደለም። ያልተበደረውን ነው ክፈል ያልኸው።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ኤርምያስ የጻፈላቸው ቁጥር 70 ዓመት ነው። ስሌቱን እኔ ካስተማርኋቸው የሦስተኛ ክፍል ልጆች ማንም ይሠራዋል፤ ያኔ ያንተ ዕድሜ የነበረው ሰው ሊመለስ ከሆነ 101 ዓመት ሊሞላው ነው። ብዙዎቹ የኢየሩሳሌምን ደጅ ሳይረግጡ እንደሚሞቱ ደብዳቤው ራሱ ነገራቸው። ያ ግድግዳዬ ላይ ያለው ጥቅስ የተጻፈው ለእነዚህ ሰዎች ነው! «ነገ ይስተካከላል» ለተባሉት አልነበረም።

እስከዚያስ ምን አድርጉ ተባሉ? ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አታክልት ተክላችሁ ፍሬውን ብሉ፣ አግቡ፣ ውለዱ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ። ይህ ነው በቃ። በዚያ በባዕድ አገር፣ በዚያ ባልመረጡት ቦታ ሆነው። መጽሐፉ ይህን ተስፋ መቁረጥ አላለውም። አንተ ጋ ሲተረጎም፣ የቤትህን በርና መስኮት ግጠም ማለት ነው። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ቤቱን መልሼ ጀመርሁ የሚል አላገኘሁም። እንደ ተዘረፈ ነው ያለው አይደል? በርና መስኮት ያለ ሠርግ አይገጠምም ያለህ ማን ነው? ቆርቆሮው ለሁለት ክፍል ካልበቃ ከአንዱ ጀምር።

አንድ ወግ ልጨምርልህ። ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፣ ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። በ2014 ያ ሁሉ ሲሆን እኛ ሁለት አሮጊቶች ከደሴ አልወጣንም፤ መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ዝግ ነው፣ የእሷን ሽሮና የእኔን እንጨት አንድ ላይ አድርገን ነው ያለፍነው። የእንዳንተ ዓይነት ጥያቄ ሳነሳባት «ነቢዩን አንድ ሰው ግመሌን ልሰራት ወይስ ልተዋትና በአላህ ልመካ ቢላቸው፣ እሰራትና ተመካ ብለውታል» አለችኝ። ቀጥላ ደግሞ፣ «ልጁንም አብሽር በይው፤ ባጃጁንም ይቆልፍ፣ በአላህም ይመካ» አለች። መልእክቷን አድርሻለሁ።

አሁን ወደ ጸሎቱ። እግዚአብሔርን ላለማስቀየም ዝም አልሁ ያልኸው ከሁሉ ያሳዘነኝ እሱ ነው። ማን ነው ወቀሳ ጸሎት አይደለም ያለህ? እናትህ ዳዊት ትደግም እንደሆነ 12ኛውን መዝሙር አውጥታ ታንብብልህ፤ በሌላው መጽሐፍ ቅዱስ 13ኛው ነው። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ይላል። ይህ በቤተክርስቲያን ውስጥ፣ በቀን ብርሃን፣ ካህናት የሚደግሙት ነው። ያ የ70 ዓመቱን ደብዳቤ የጻፈው ኤርምያስ ራሱ በምዕራፍ 20 «አቤቱ፥ አታለልኸኝ» ይላል። ከዚህ የባሰ ምን ልትለው ነበር? ኢዮብ ደግሞ የተወለደባትን ቀን ረገመ፣ እግዚአብሔርን ፍርድ ቤት ካላቆምሁ አለ። ወዳጆቹ ግን ሥርዓት ይዘው፣ እግዚአብሔርን እያመሰገኑ፣ «አንድ ነገር ሠርተህ ነው» አሉት። መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነማን ነው? በወዳጆቹ። «እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም» ነው ያላቸው። ያን ሁሉ የጮኸውን ሰው ነው ቅን ያለው።

እንግዲያው ዛሬ ማታ ቆመህ ውቀሰው። የፈረሰውን ቤት በስሙ ጥራ፣ ልጅቷንም በስሟ ጥራት። የሚያምርብህ ጸሎት አትፈልግ። የተጣላ ሰው እየተናገረ ከሆነ ገና አልተለየም፤ እኔ የምፈራው ዝም ያለውን ነው።

«ለበጎ ነው» የሚለውንማ እኔም አልወደውም። ቃሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፤ ጊዜውና አፉ ነው የሚያስቀይመኝ። ሰው ራሱ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ስለ ራሱ ቢለው ያምርበታል። ሌላው፣ ቁስሉ ሳይደርቅ ሲልበት ግን ዝም በል እንደ ማለት ነው። የኢዮብ ወዳጆች ያደረጉት በጎ ነገር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው መቀመጣቸው ነበር፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ያጣኸው ነገር ሁሉ ለዚህ የደሴ ሥራ ሲባል ነው የጠፋው ብዬም አልነግርህም። ጦርነት ለአንድ ሰው የስፌት መኪና ሥራ ለማስገኘት አይነሣም። እንዲህ ያለውን ሂሳብ የሚሠሩ ሰባኪዎች አሉ፤ እኔ አልሠራም።

እናትህን ግን አትቀየማት። እሷም ከቤቷ ወጥታ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሰድዳለች፤ ያንተን ሠርግ ልታይ ጌሾ ቀጥቅጣ የነበረችም እሷ ናት። «ለበጎ ነው» የምትለው አንተን ለመስበክ ሳይሆን ራሷ እንዳትወድቅ የምትይዘው ነገር ስለሌላት ይመስለኛል። አንድ ቀን «እማዬ፣ እኔ ገና ለበጎ ነው ለማለት አልደረስሁም፣ አንቺ ግን በይልኝ» በላት። ይገባታል።

የልጅቷን ነገር አላበዛውም። ጠብቃሃለች፣ ከዚያ ኑሮዋን ልትፈልግ ሄዳለች፣ አግብታለች። አንዳችሁም አልበደላችሁም። በስልክህ ውስጥ ያለውን ፎቶ መቼ እንደምታጠፋው አንተ ታውቃለህ፤ አሁኑኑ አልልህም፣ ሌላ ሰው ቤትህ ከመግባቷ በፊት ግን ይሁን።

እንቅልፍ የለኝም፣ ምግብ አስጠልቶኛል ያልኸውን ቀለል አድርጌ አላልፈውም። ይህ ለወራት ከቆየ ሐኪም የሚያየው ነገር ነው። ደሴ ያለው ትልቁ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ሥራ ልትጀምር ስትመጣ በዚያው ካርድ አውጣ። ፀበልህን ተጠመቅ፣ መድኃኒት ቢያዝልህም ዋጥ፤ ሁለቱ አይጣሉም። እስከዚያ የከፋ ሐሳብ ከመጣብህ፣ ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብህ፣ እስከ ቀጠሮው አትቆይ፤ በዚያው ሌሊት እናትህን ቀስቅስ። እናት ለዚህ ስትቀሰቀስ አትቆጣም።

ከሰውየው ጋር ስትነጋገር ዓይንህን ግለጥ። በደሞዝ ነው ወይስ በጠገንኸው መኪና ብዛት? እኔ ብሆን ትንሽ መነሻ ደሞዝና ለእያንዳንዱ ጥገና የተቆረጠ ዋጋ እጠይቅ ነበር። መለዋወጫው በማን ሂሳብ እንደሚገዛ ለዩ፤ ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሁለት ምስክር ይኑር፣ በወረቀት ይሁን፣ ዘመድ እንኳ ቢሆን። ከጎረቤት ሰፊዎች ለሚመጣው ሥራ ያንተ ድርሻ ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ባጃጁን ለአጎትህ ቶሎ አትመልስ፤ እስክትደላደል ቅዳሜና እሑድ ኮምቦልቻ ላይ ንዳው። ፋብሪካው ከጠራህ ደግሞ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ መውጣት የምትችል መሆኑን ውሉ ውስጥ አስገባ፤ ይህን መጻፍ ነውር የለውም። ለሚሠሩ ልጆች ጥገናውን አስተምራቸው፤ መስመር ማስተዳደር ያስተማረህ ይኸው እዚህ ይጠቅማል።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፣ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው፤ ሹራብ ሳትይዝ እንዳትመጣ።

አድራሻህን ለመጽሔቱ ሰዎች ተውላቸው። የእናቴ የእግር ሲንጀር እኔ ጋ አለ፤ ወፍራም ጨርቅ ላይ ክሩን ይዘልና ከሥር ይጠቀልለዋል። እዚህ ሁለት ሰው አየልኝ፣ ሁለቱም መርፌ ቀይሪ አሉኝ። ቀይሬዋለሁ። መርፌው አይደለም።